ሕመሜ የጀመረበትን ቀን ስፈልግ

ነጠላ ጫማችሁ ከእግራችሁ ወጥቶ ኋላ ቀርቶ፣ ሳይታወቃችሁ ባዶ እግራችሁን ጥቂት ሄዳችሁ ካወቃችሁ ይህን አንብቡት። ካላወቃችሁም አንብቡት፤ ከዘመዶቻችሁ አንዱ አውቆት ዝም ብሎ ይሆናል። ተስፋ ልሰጣችሁ አይደለም የምጽፈው። ተስፋ የሚሰጥ ሰው ብዙ አግኝቻለሁ፤ አንዱም እግሬን አላነሳልኝም። የምጽፈው እኔ ዓመታት የፈጀሁበትን ነገር እናንተ በአንድ ቀጠሮ እንድትጨርሱት ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ማን የየት ከተማ ሰው እንደሆነም አዘዋውሬዋለሁ፤ ስለዚህ ሰበታ ያላችሁ «ይቺ የእገሌ ልጅ ናት» እያላችሁ አትድከሙ።

ሌንሴ በሉኝ። ያደግኩት ቡራዩ ነው። አባቴ ኦቦ ደጀኔ ከሱሉልታ ገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ ቡራዩ ብሎኬት ማምረቻ የከፈተ ሰው ነው። እናታችን ልጆች ሳለን ስላረፈች እኔንና ታናሽ እህቴን ሲፈንን ያሳደገን እሱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሰው ነኝ፤ የስፌት መኪናዋን ግን ወደድኳት፣ ፍጥነት አላት።

መጀመሪያ የከዳኝ ቀኝ እግሬ ነው። ፔዳሉን ረገጥኩ ብዬ መኪናዋ ዝም ትላለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ እግሬ ያለው ከፔዳሉ አጠገብ፣ መሬት ላይ ነው። ቀጥሎ ኮብልስቶኑ ያደናቅፈኝ ጀመር፤ ቆይቶ ሜዳውም ያደናቅፈኝ ጀመር። የእግሬ ጣቶች መሬት እንዳይጠርጉ ጉልበቴን ከፍ እያደረግኩ መሄድ ለመድኩ። ከሩቅ ያየኝ ሰው ውሃ ውስጥ የምራመድ ይመስለዋል። አንድ ቀን ታክሲ ስሳፈር ደረጃው ላይ ተንገዳገድኩና ረዳቱ «እህቴ፣ በጠዋቱ ጀመርሽው?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ያሰከረኝ የአፍህ ሽታ ነው ብዬ መለስኩለት፤ የባሰ ሳቁ። ከወረድኩ በኋላ ግን ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ። በዚህ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይባል የወጣ ሰው ካለ እስኪ ላግኘው። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ሁለተኛው «ነርቭሽ ደክሟል» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ፤ ቂጤ እስኪጠጥር ተወጋሁ። ሦስተኛው የጀርባ ዲስክ ነው ብሎ ሰፊ ቀበቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። ወጌሻው ደግሞ ቁርጭምጭሚትሽ ቦታውን ለቋል አለና ሁለት ጎረምሳ ትከሻዬን ይዞለት ጎተተኝ፤ እብጠቱ እስኪወርድ ስንት ጊዜ እንደፈጀ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠበልም ሄጃለሁ። ያንን አልከፋበትም፤ ቢያንስ እዚያ የሚጎትተኝ አልነበረም።

ሁሉም ቦታ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር። መቼ ጀመረሽ? እኔም መልስ እፈልግ ነበር። አንዱ ጋ ገፈርሳ ግድብ ዳር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆምኩበትን ቀን ነገርኩ፤ የብርድ በሽታ ነው አለኝ። ሌላው ጋ ልጅ ሳለሁ ከአጥር የወደቅኩበትን አነሳሁ፤ ድሮ የተጎዳ አጥንት ሆነ። የሰጠሁትን ቀን ሁሉ ወስደው በሽታ ያደርጉልኛል። አልጋዬ ላይ ስጋደም ዕድሜዬን ወደ ኋላ እየሄድኩ እፈትሸዋለሁ። አንድ ቀን አለ፣ አንድ ሰው አለ፣ አንድ ያደረገኝ ነገር አለ፤ እሱን ባገኘው እድናለሁ። እንዲህ ነበር የማስበው።

እጄም ተከተለ። መርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቃተኝ፣ ከዚያ የሹራቤን ቁልፍ መቆለፍ። ፋብሪካው አላባረረኝም፤ አለቃዬ ብቻ በየቀኑ ወደ ቀላል ሥራ እያዛወረችኝ መጨረሻ ላይ የምዛወርበት ሥራ አለቀ።

በስንት ደጅ ጥናት አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ አገኘሁ። የዚያን ቤት ኮሪደር የማያውቅ አይፈረድበትም፤ እንጨት አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ የሚመጣው ሰው ገና ሳይነጋ ነው የሚመጣው። ስም የምትጠራዋ ነርስ ብቅ ባለች ቁጥር ሁሉም ይነሣል፣ ሁሉም ይቀመጣል። አጠገቤ አንዲት ልጇ የሚጥል በሽታ ያለበት የፉሪ ሴት ነበረች። ስለ ጤፍ መወደድ እያወራች ሳለ ሹራቤን አየች፤ ወሬዋን ሳታቋርጥ እጇን ሰድዳ ቁልፎቼን ከታች እስከ ላይ ቆለፈችልኝ።  በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ካደረገልኝ ነገር እንደዚያ አንጀቴን የበላኝ የለም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አድርጋ፣ እግሬን ገልብጣ አየችና አብሮኝ ወደገባው አባቴ ዞረች። «አባት፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?»

አባቴ ለመልሱ ተነሥቶ ቆመ። «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሰባት ቤት ይቆጠር» አለ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የዚህ ታሪክ ጥፋት ያለው እዚህ ነው። እኛ ጋ ልጅ ሊጠይቅ ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይጠየቃል። ደዌ አለ? እብደት አለ? የሚጥል በሽታ አለ? ጥያቄው ሳያልቅ «ንጹህ ነን» ይባላል። እያሰበ የሚመልስ አባት ሴት ልጆቹን ቤት አስቀረ ማለት ነው። አባቴ የሐኪሟን ጥያቄ የሰማው በዚያ ጆሮው ነው፤ የመለሰውም ለሽማግሌ እንደሚመለሰው። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲናገር ኮራሁበት።

ሐኪሟ ጻፈችው። ዘር ካልሆነ ሌላ ነገር ነው ብላ ፍለጋ ገባች። ሰውነቴ ራሱ ነርቬን እያጠቃው ይሆናል ተባለና እብጠት የሚያበርድ ጠንካራ ክኒን ለወራት ዋጥኩ። ፊቴ ድፎ ዳቦ አከለ፤ ሆዴ ይቃጠላል፣ ቁጣዬ ይነሣና ሰው ሁሉ ላይ እጮሃለሁ። እግሬ እንደወደቀ ነው። ያ ሁሉ ክኒን ከአባቴ አንድ ዓረፍተ ነገር የመጣ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን ለሲፈን ከሰበታ ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ መጣ። ልጁ ናሆም ይባላል፣ የቤተሰቡ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ሲፈንም ወደዋለች። አባቴ እኔን ሱሉልታ ወደ እህቱ ላከኝ። «አየሩ ይሻልሻል» አለኝ። ለአየሩ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

አክስቴን አዳዳ ብርቄ ነው የምንላቸው። የአባቴ ታላቅ ናቸው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ መደብ ላይ ተቀምጠው ነው የማውቃቸው። ኮረዳ ሳሉ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ምች መታቸው ተብሎ ነው የተነገረን። ባልም አላገቡም። በእሳቸው ቤት ሲመሽ የታላቅ እግር ይታጠባል፤ ድሮ የማጥበው ለይስሙላ ነበር፣ ካልሲያቸውን ሳያወልቁ ውሃ ረጭ ረጭ አስደርገው ያሰናብቱኛል። የዚያን ቀን ግን ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥቼ ተንበረከክኩና ካልሲውን ሳብኩት። አልከለከሉኝም።

 ውስጥ እግራቸው እንደ ድልድይ ወደ ላይ ጎብጧል። ጣቶቻቸው እንደ አሞራ ጥፍር ታጥፈዋል። ከጉልበት በታች ሥጋ የሚባል የለም፣ ቅልጥም ብቻ። የራሴን እግር ነበር የያዝኩት፤ አርጅቶ፣ ዓመታት ቀድሞኝ ሄዶ።

«ምች እንዲህ አያደርግም» አልኳቸው።

«ማን ምች ነው አለሽ? እናቴ ናት ምች ያለችው። አባቴም እንዲህ ነበረ። አባትሽም ይኸው ነው።»

አባዬ ደህና ነው ብዬ ልከራከር ነበር። «ባዶ እግሩን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አሰብኩት። ቤት ውስጥ ቦት ጫማ ነው። ሲተኛ ካልሲ ነው። ብሎኬቱ ጋ አካፋ ተደግፎ ቆሞ ያዛል እንጂ ወዲያ ወዲህ ሲል አላየሁትም፤ አለቃ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

«እናትሽን ያጨ ጊዜ ከፈረስ አልወረደም» አሉ አዳዳ። «ሽማግሎቹ ገቡ፣ እሱ ደጅ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ታየ። ኩሩ ጎረምሳ ነው ተባለ። የእኛ ቤት ወንድ ፈረስ የሚወደው ለምን ይመስልሻል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ፈረስ ላይ ያለን ሰው አረማመድ ማን ያያል። እኔ ሴት ነኝ፤ ለእኔ ፈረስ አልተገኘም።»

እግራቸውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ካልሲያቸውን መልሼ አጠለቅኩላቸው።  በማግሥቱ ቡራዩ ተመለስኩ።

አባቴን ለምን ዋሸህ አልኩት፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ። ወደ ውስጥ ግቢ አላለኝም፣ አልተቆጣኝም። በእውነት ግራ ተጋብቶ አየኝ። «አልዋሸሁም። በሽታ ቢሆን እነግራት ነበር። ይሄ እኮ የእኛ ቤት አረማመድ ነው» አለ። እስከ ዛሬ የሚያስለቅሰኝ ይሄ ነው። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ እጣላው ነበር።

በቀጣዩ ቀጠሮ ለምኜ፣ አስፈራርቼ ይዤው ሄድኩ። የሱሉልታውን ነገር ሁሉ ለሐኪሟ ነገርኳት። ክኒኑን ቀስ በቀስ እንድቀንስና እንዳቆም ካዘዘችኝ በኋላ ለአባቴ «ጫማዎን ያውልቁልኝና በተረከዝዎ ብቻ ይራመዱልኝ» አለችው። ጣቶቹን ከመሬት ማንሣት አልቻለም። ሞከረ፣ ግድግዳ ያዘ፣ እንደገና ሞከረ። ከዚያ ተቀምጦ ማሰሪያውን ማሰር ጀመረ። ያን ቀን ነው ማሰሪያውን በስንት ድካም እንደሚያስር ያየሁት። ኤሌክትሪክ እየላከ የነርቭን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ እኔን በፊትም ለክቶኛል፣ ያን ቀን አባቴንም ለካው። የሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው፤ መልእክቱ መድረስ ካለበት ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ሐኪሟ ያስረዳችንን እኔ በገባኝ ልክ ልጻፈው። ሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ስትባሉ ሥጋና ሽሮ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቅርጽና የየራሱ ሥራ አለው። ነርቭ ሲያድግ ዙሪያውን ልባስ ይጠመጠምለታል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ። ልባሱን ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ በእኛ ቤት ቅርጹ ትንሽ የተለየ ነው። ትንሽ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሰው ሁሉ ውስጥ አለ አለች፤ አብዛኛው ምንም አያደርግም፣ የእኛው ግን ክፉ ቦታ ላይ አረፈ። በተለየው ፕሮቲን የተሠራ ልባስ በደንብ አይጠመጠምም፣ ውስጡ ያለው ነርቭም ዓመት በዓመት እየሞተ ይሄዳል። ረጅሙ ነርቭ እግር ድረስ የሚሄደው ስለሆነ ቀድሞ የሚወድቀው እግር ነው፣ ቀጥሎ እጅ። ያው ፕሮቲን አንዱን በቦት ጫማ ያኖረዋል፣ ሌላዋን መደብ ላይ ያስቀምጣታል። ለምን እንደሚለያይ እሷም ሙሉ በሙሉ አታውቅም፤ አላውቅም ማለቷን ወደድኩላት። የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ ለይቶ የሚናገረው ምርመራ ደም ውጭ አገር መላክ ይፈልጋል። እሱን ተውነው።

«ታዲያ መቼ ነው የጀመረኝ?» አልኳት።

«ጀመረሽ የሚባል ቀን የለም። ነርቭሽ ከመጀመሪያው ሲሠራ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።»

ሰዎች በሽታዬ ስም ሲያገኝ ቀለለኝ ይላሉ። እኔ የወደቅኩት ያኔ ነው። በሽታ ከውጭ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ገባ ከተባለ ይወጣል። እኔ ግን የምመለስበት ጤነኛ ሌንሴ ኖራ አታውቅም። ያ ሁሉ መርፌ የፈለጋት ልጅ አልተሠራችም። መድኃኒት የለውም ተባልኩ። የሚታዘዘው ጫማ ውስጥ የሚገባ፣ እግር እንዳይወድቅ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍና የጡንቻ እንቅስቃሴ ነው። ድጋፉን አድርጌያለሁ። እንደ ድሮው አልደናቀፍም፤ በሕመም ታሪክ መጨረሻ ላይ ማገገም የሚባለው የእኔ ይሄ ነው።

አባቴ ልጆች ላይ የመድረስ ዕድሉን ጠየቀ። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም አለችው፤ ሌሎች ልጆች ካሉ ቢታዩ ጥሩ ነው አለችው። «እኔ ነኝ የሰጠኋት?» አለ። መርጦ የሚሰጥ የለም አለችው። ራሱን ነቀነቀ እንጂ የሰማት አልመሰለኝም።  ቡራዩ ደርሰን ከታክሲው ልንወርድ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለሲፈን አትንገሪያት። ሠርጉ ይለፍ» አለኝ።

እኔ ነገር አፌ ውስጥ የሚያድር ሰው አይደለሁም። ሲፈን የምትሠራው ሰፈራችን ያለ ሴቶች ጸጉር ቤት ነው። ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። አዳዳን፣ ፈረሱን፣ ፕሮቲኑን፣ ዕድሉን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከማን ሰማሽ?»

«ከእጄ። ቀጭን ሹሩባ ከተውኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ። ደንበኛ ሲመጣ ለሌላዋ አሳልፌ እሰጣለሁ፣ እኔ ጸጉር አጥባለሁ። ለጸጉር ማጠብ ጣት አያስፈልግም፣ መዳፍ ይበቃል።»

ቁጭ አልኩ፣ እዚያው የቦይ ጠርዝ ላይ። እሷ ቆማ ቀረች። ለናሆም ንገሪው አልኳት፣ ከወደደሽ ይቀበልሻል፣ ካልተቀበለሽ አሁን ይሂድ። ሳቀች። «ለአንቺ ስንት ሽማግሌ መጣልሽ፣ ሌንሴ?» አለችኝ። ልታቆስለኝ ነበር የፈለገችው፤ አቆሰለችኝ። ግን አልተውኳትም፤ ልጅ ብትወልጂስ፣ ለልጅሽ ምን ትያታለሽ አልኳት።

 እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ ይሄን ቀድሞ አውቆት ቢሆን እኔና አንቺ የለንም። ባንኖር ይሻልሽ ነበር?»

ሰው እንዲህ ሲጠየቅ አይሻለኝም ማለት አለበት። እኔ የዚያን ቀን አላልኩም።  እሷም አየችው። «እኔ ግን መኖር እፈልጋለሁ» አለች። «እግሬ እስከሚቆም ድረስ ቆሜ ልዳር። ነገሩ የእኔ ነው፣ የምናገረውም እኔ ነኝ፣ ስፈልግ።»

ሽማግሎቹ ከሰበታ መጡ። እኔ ከመግባታቸው በፊት ጥግ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ላይ ነጠላ ተጣለልኝ፣ እንዳልነሣ ተነገረኝ። ጥያቄው ወደ ዘር ደረሰ። አባቴ ይህን ጊዜ ቶሎ አልመለሰም። ከሽማግሎቹ አንዱ ቀና ብለው እስኪያዩት ድረስ ዘገየ። ከዚያ «ንጹህ ነን» አለ፣ ወለሉን እያየ። ሲፈን በሩ ላይ ቆማ እኔን ነበር የምታየው።

ሐኪም «ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው አለ ወይ» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሽማግሌ አይደለም፤ ልጃችሁን ሊያጭ አልመጣም። የአክስታችሁን እግር፣ የአያታችሁን አካሄድ፣ ምች መታው የተባለውን አጎት ሁሉ ንገሩት። ለሽማግሌ ምን እንደምትሉ አላውቅም። እሱን እኔም አላውቀውም።

የሠርጉ ቀን ዝናብ ጥሎ ስላደረ ግቢያችን ጭቃ ነበር። ሲፈን ረጅም ተረከዝ ጫማ አላደርግም ብላ ሚዜዎቿን አስቀይማለች። ከቤት ወጥታ መኪናው እስከቆመበት ድረስ ድንጋይ ድንጋይ ተደርድሯል። ናሆም እጇን ሊይዝ ሲመጣ «ቆይ፣ እህቴን ይዤ ልውጣ» አለችውና ወደ እኔ መጣች። ክንዴን ጨበጠችው። ጣቶቿ አልጨበጡኝም፣ ክንዷ ነው የጨበጠኝ። እንደዚያ ተያይዘን ወጣን፣ ጉልበታችንን ከፍ እያደረግን፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ። መሃል ላይ ግራ እግሯ ታጠፈ፤ ድጋፌን አጥብቄ ረግጬ ቀና አደረግኳት። ሕዝቡ ያየው ግን ሙሽራዋ በሽተኛ እህቷን ደግፋ ስትሄድ ነው። አንዲት ሴት ከጎኔ እንባዋን እየጠረገች «እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት» ስትል ሰማኋት። ከዚያ እልልታው ቀለጠ።